ጨርቁ የማያግደው አቧራ፦ ስለ መተንፈሻ ጭምብል አጠቃቀም

ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን በሚሠራበት፣ ምንጭ በሚጎለብትበት ወይም የትምህርት ቤት ግንብ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ ዘወትር የምናየው ሰው አለ። ከዋናው ሥራ ራቅ ብሎ፣ በጥላ ሥር ወይም በጠራራ ፀሐይ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በመዶሻና በመሮ ድንጋይ ይጠርባል። ነጭ አቧራ ቅንድቡንና ልብሱን ሸፍኖታል። አፍንጫውንና አፉን በነጠላ ጫፍ ወይም በአሮጌ ሻሽ አስሯል፤ አንዳንዱም ከኮሮና ዘመን የተረፈችውን ሰማያዊ የሕክምና ጭምብል አገጩ ላይ አንጠልጥሏል። የሥራው ተቆጣጣሪ ይህን አይቶ «ሠራተኛው ራሱን ሸፍኗል» ብሎ ተረጋግቶ ያልፋል። እኛም በልማት ሥራ የተሰማራን ሰዎች ብዙ ጊዜ እንዲሁ አልፈናል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ያ መረጋጋት ነው። ጨርቅ የሚያግደው በዓይን የሚታየውን ሻካራ አቧራ ነው፤ ሳንባን የሚጎዳው ደቃቁ አቧራ ግን በጨርቁ ሽመና መካከልና በጨርቁ ዳርና ዳር አልፎ ይገባል። ከዚህም የከፋው፣ የታሰረው ጨርቅ ሠራተኛውንም አሠሪውንም አዘናግቶ ሌላ ጥንቃቄ እንዳያደርጉ ማድረጉ ነው። ስለዚህ ጭምብል ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ፣ በተለይም ከእኛ ሥራ ጋር በተያያዙት መስኮች፣ ማለትም በድንጋይ ጠረባ፣ በእህል ጎተራና በውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ፣ መመልከት ይገባናል።

የሚታየውና የማይታየው አቧራ

ድንጋይ ሲፈለጥ ወይም ሲቆረጥ የሚነሣው አቧራ አንድ ዓይነት አይደለም። ትልልቁ ቅንጣት ወዲያው መሬት ላይ ይወድቃል። መካከለኛው በአፍንጫ ፀጉርና በጉሮሮ ንፍጥ ተይዞ በማስነጠስና በአክታ ይወጣል። አስጊው ከ10 ማይክሮን በታች፣ ይልቁንም ከ4 ማይክሮን በታች የሆነው ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው፤ የሰው የራስ ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን እንደሚደርስ ስናስብ የቅንጣቱን ደቃቅነት መገመት እንችላለን። ይህ አቧራ ነፋስ በማይገባበት ቦታ ለሰዓታት አየር ላይ ተንሳፎ ይቆያል። ጠራቢው መዶሻውን አስቀምጦ ምሳውን ሲበላም ይተነፍሰዋል፤ አጠገቡ ውኃ የምታቀብለው ሴትም ትተነፍሰዋለች።

ጉዳቱ የሚወሰነው ድንጋዩ በያዘው ማዕድን ጭምር ነው። በብዙ ድንጋዮች ውስጥ ኳርትዝ የሚባል፣ ባለሙያዎች ሲሊካ ከሚሉት ቤተሰብ የሆነ ማዕድን ይገኛል። የአሸዋ ድንጋይ አብዛኛው ክፍሉ ኳርትዝ ነው። ግራናይት ከአራት እጅ አንዱን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል። ጥቁር ድንጋይ የምንለው ባዛልትና ንጹሕ የሆነው የኖራ ድንጋይ ግን ያላቸው ጥቂት ነው። በአሸዋ የተሠራ ኮንክሪትና ብሎኬትም በግራይንደር ሲቆረጥ ይህንኑ አቧራ ያስነሣል። በእጅ መሮና በግራይንደር መካከልም ሰፊ ልዩነት አለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከረው ዲስክ ድንጋዩን ስለሚፈጨው በአንድ ሰዓት የሚያስነሣው ደቃቅ አቧራ በመሮ ከሚነሣው ጋር አይወዳደርም። ሥራችን በዘመናዊ መሣሪያ ሲፋጠን አደጋውም አብሮ እንደሚያድግ ብዙ ጊዜ አናስተውልም።

የኳርትዝ ቅንጣት ወደ ሳንባ ጥልቅ ከረጢቶች በገባ ጊዜ፣ ሰውነትን የሚጠብቁት ሕዋሳት እንደ ጀርም ቆጥረው ይውጡታል። ነገር ግን ድንጋይ ነውና ሊፈጩት አይችሉም። ሕዋሱ ራሱ ይሞታል፤ ቅንጣቱ ተመልሶ ይለቀቃል፤ ሌላ ሕዋስ ይውጠዋል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ቦታው ይቆስላል፣ ቁስሉም ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ የሆነ ሳንባ እንደ ደረቀ ቆዳ ነው፤ እንደ ልብ አይለጠጥም፣ አየርም በሚገባ አያሳልፍም። ሕመሙ ሲሊኮሲስ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው ሰውየው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሠራ በኋላ ነው፤ አቧራው እጅግ በበዛበት ሥራ ግን በጥቂት ዓመታት፣ አልፎ አልፎም በወራት ውስጥ ይታያል። ጠባሳውን ወደ ጤነኛ ሳንባ የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ሰውየው ሥራውን ከተወ በኋላም ሕመሙ ሊቀጥል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን አቧራ ለሰው ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ አስገብቶታል።

በዚህ ረገድ የሌላ አገር አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ማንሣት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ በዌስት ቨርጂንያ ክፍለ ግዛት፣ ጎሊ ብሪጅ በተባለች መንደር አጠገብ፣ ወንዝን በተራራ ውስጥ አሳልፎ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ለማዋል ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ መቆፈር ተጀመረ። ሆክስ ኔስት በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ዋሻ የሚያልፍበት አለት ኳርትዝ የበዛበት የአሸዋ ድንጋይ ነበር። ከቆፋሪዎቹ የሚበዙት ከደቡብ ክፍለ ግዛቶች እንጀራ ፍለጋ የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። አለቱን በውኃ እያረሰረሱ መቆፈር አቧራውን እንደሚቀንስ በዘመኑ የታወቀ ነገር ነበር፤ ነገር ግን በደረቁ መቆፈር ይፈጥናልና በደረቁ ተቆፈረ። ለቆፋሪዎቹም ጭምብል አልተሰጣቸውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩት በሲሊኮሲስ ሞቱ፤ ጉዳዩም በ1936 በአገሪቱ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ተመረመረ።

ይህን ታሪክ ስናነብ ዓይናችን የሚያርፈው በጭምብሉ አለመኖር ላይ ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን በውኃው ላይ ነው። ጭምብል የሚጠብቀው አንድን ሰው፣ እርሱንም በትክክል ካሰረው ብቻ ነው። ውኃ ግን አቧራውን ገና ሳይነሣ ይይዘዋልና ጠራቢውንም፣ ረዳቱንም፣ አላፊ አግዳሚውንም ይጠብቃል። ድንጋዩን ከመፍለጥ በፊትና በሥራው መካከል ማርጠብ፣ የሥራ ቦታውን ወለል በደረቁ አለመጥረግ፣ ጠራቢዎችን አራርቆ ማስቀመጥ፣ ነፋሱም አቧራውን ከፊታቸው እንዲወስድላቸው አቀማመጣቸውን ማስተካከል፣ እነዚህ ሁሉ ጥቂት ጀሪካን ውኃና ጥቂት ማስተዋል እንጂ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቁም። በዲስክ የሚቆርጥ ሠራተኛ ከሆነ ራሱ ውኃ የሚያፈስ መቁረጫ ማሽን ይገዛ ወይም ይከራይ። ለውኃ ባልተሠራ ተራ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ግን ውኃ ማፍሰስ ሠራተኛውን ከአቧራ አድኖ በኤሌክትሪክ መግደል ይሆናልና ፈጽሞ አይገባም። ጠራቢው ወደ ቤቱ ሲመለስ የሥራ ልብሱን እዚያው ቀይሮ ቢሄድ ደግሞ አቧራውን ለልጆቹ ይዞ አይገባም።

ጭምብል ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ የቅርብ ጊዜ ምሳሌም አለ። አውስትራሊያ ለወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚውለውን፣ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ሊይዝ የሚችለውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ እንዳይመረትና እንዳይቆረጥ ከልክላለች። ጭምብልና ዘመናዊ መሣሪያ በቀላሉ በሚገኝበት አገር እንኳ ወጣት ሠራተኞች በመታመማቸው መንግሥቱ ድንጋዩን ራሱን ማገድን መረጠ።

ጭምብሉ እንዴት ይሠራል?

ውኃው ከተደረገ በኋላ የሚተርፈውን አቧራ ለመከላከል ጭምብል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ጭምብል እንደ ወንፊት የሚሠራ ይመስለዋል፤ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ይበልጥ ያጣራል ብሎ ያስባል። እውነቱ ከዚህ ይለያል። ጥሩ ጭምብል የሚሠራበት ድር የኤሌክትሪክ ሙል እንዲይዝ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ አየሩ በቀላሉ ሲያልፍ ደቃቁ ቅንጣት በድሩ ላይ ተስቦ ይጣበቃል። ፀጉር በተበጠረበት ማበጠሪያ ቁራጭ ወረቀት ሲሳብ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጭምብሉን በሳሙና ማጠብ ይህን ሙል ስለሚያጠፋው፣ ታጥቦ የነጣው ጭምብል ንጹሕ ቢመስልም ሥራውን አይሠራም።

በገበያ ላይ የሚገኙት ደረጃዎች በአጭሩ እነዚህ ናቸው። ኤን95 የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ ሲሆን፣ ለማጣራት እጅግ አስቸጋሪ ከሆነው 0.3 ማይክሮን ገደማ ከሚለካው ቅንጣት ቢያንስ 95 በመቶውን ይይዛል። በአውሮፓ ደረጃ ኤፍኤፍፒ2 ቢያንስ 94፣ ኤፍኤፍፒ3 ደግሞ ቢያንስ 99 በመቶ ይይዛሉ። ለድንጋይ አቧራ ከእነዚህ በታች መውረድ አይገባም፤ በግራይንደር ለሚቆርጥ ኤፍኤፍፒ3 ይመረጣል። ሰማያዊው የሕክምና ጭምብል የተሠራው ከለባሹ አፍ የሚወጣውን ፍንጣቂ ለማገድ እንጂ ለባሹን ከአቧራ ለመጠበቅ አይደለም። በጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ጭምብል «ኤን95» ተብሎ ሲሸጥ ካየን እንጠርጥር፤ የዚህ ደረጃ ጭምብሎች በጭንቅላት ዙሪያ የሚታሰሩ ሁለት ላስቲኮች ያሏቸው ናቸው።

ላስቲኩ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። ጎርፍ ቀዳዳ ፈልጎ እንደሚያልፍ አየርም የሚያልፈው በቀለለው መንገድ ነው። በጭምብሉና በጉንጩ መካከል ክፍተት ካለ፣ አየሩ በማጣሪያው ውስጥ ለማለፍ አይደክምም፤ አቧራውን እንደ ተሸከመ በክፍተቱ ይገባል። በመሆኑም 95 በመቶ የሚያጣራ ጭምብል በደንብ ሳይገጥም ቢለበስ ቁጥሩ በካርቶኑ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። የላይኛው ላስቲክ ከጆሮ በላይ በራስ ቅል ላይ፣ የታችኛው ከጆሮ በታች በማጅራት ላይ ይውላል። በአፍንጫ ላይ ያለውን ብረት በሁለት እጅ ጣቶች ከአፍንጫው ቅርጽ ጋር ማስማማት ይገባል። ከዚያም ሠራተኛው ጭምብሉን በሁለት መዳፉ ሸፍኖ ጠንከር አድርጎ ይተንፍስ፤ በዓይኑ ወይም በጉንጩ በኩል ነፋስ ከተሰማው እንደገና ያስተካክል። ወደ ውስጥ ሲስብ ደግሞ ጭምብሉ ጥቂት ወደ ፊቱ መጠጋት አለበት። ይህ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ ጭምብሉ በተለበሰ ቁጥር ሁሉ መደረግ አለበት። የሰው ፊት እንደ መልኩ የተለያየ ስለሆነም፣ ለአንዱ የሚገጥመው ለሌላው አይገጥምም፤ አንድ ዓይነትና አንድ ልክ ብቻ በካርቶን መግዛት የተለመደ ስሕተታችን ነው። በሠለጠነ መንገድ ሲሠራ፣ ሠራተኛው ጭምብሉን ለብሶ ጣፋጭ ወይም መራራ ጣዕም ያለው ጉም ይረጭበታል፤ ጣዕሙ ከተሰማው ጭምብሉ አልገጠመውም ማለት ነው።

እዚህ ላይ በተለይ እኛን የሚመለከት ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ጺም ነው። ጭምብሉ ከፊት ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ፀጉር ካለ ጭምብሉ አይገጥምም፤ የጥቂት ቀን ጺም እንኳ አየር ያስገባል። በገዳማትና በአድባራት ድንጋይ የሚያነሡ፣ የሚጠርቡና የሚገነቡ አባቶች ግን ጺማቸው የሥርዓታቸው አካል ነው። ጺማችሁን ተላጩ ልንላቸው አንችልም፤ ላያቸው ላይ ጭምብል አስረን ተጠብቀዋል ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍም ሐሰት ይሆናል። በባትሪ ኃይል የተጣራ አየር የሚነፋ፣ ራስንና አንገትን የሚሸፍን ኮፈን ያለው መሣሪያ ለጺማም ሰው ይሆናል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ይህ እስኪገኝ ድረስ መንገዱ ሁለት ነው፤ ወይ ሥራውን በውኃ ማርጠብ፣ ወይ አባቶችን ከቆረጣው ወደ ሌላው የግንባታ ክፍል ማዛወር። አባቶች ራሳቸው ምክንያቱ ሲነገራቸው የሚቀበሉት ነገር ይመስለናል።

ጭምብል ለብሶ ከባድ ሥራ መሥራት ይከብዳል፤ በደጋ አገር አየር በሳሳበት ደግሞ ይብሳል። ሠራተኛው ጭምብሉን ወደ አገጩ የሚያወርደው ስንፍና ይዞት ሳይሆን ትንፋሽ አጥሮት ነው። ስለዚህ የመተንፈሻ ቫልቭ ያለውን መምረጥ፣ የቆረጣውን ሥራ ለማለዳው ብርድ መመደብ፣ በጾም ወራትም የዕረፍቱን ሰዓት ማብዛት ጭምብሉን ከመስጠት ያልተናነሰ ነገር ነው። መተንፈስ ሲያስቸግር፣ ሲረጥብ፣ ሲጨማደድ ወይም ላስቲኩ ሲላላ ጭምብሉ ይቀየራል። እስከዚያው በንጹሕ የወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ በሲሚንቶ ክምር ላይ በምስማር የተሰቀለ ጭምብል በማግሥቱ የሚለበሰው አቧራውን በውስጡ ይዞ ነው።

ጭምብል የማያድንበት ቦታ

እስካሁን የተናገርነው ስለ አቧራ ነው። ጋዝና ትነት ሌላ ነገር ናቸው። ኤን95ም ሆነ ኤፍኤፍፒ3 የአየርን ጋዝ አያጣሩም። ጸረ ተባይ የሚረጭ ገበሬ ለመርጫው የሚስማማ፣ ከሰል መሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልገዋል፤ ማጣሪያውም ጊዜ አለው፣ ከታሸገበት ከወጣ በኋላ በገበታ ላይ ተቀምጦ ቢውል እንኳ ከአየሩ ይጠጣል፣ ያረጃል።

በጎተራ ውስጥ ነቀዝ ለማጥፋት የምንጠቀምባቸው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብሎች ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኙ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣሉ። እህሉ ባለበት ክፍል ወይም ከዚያ ጋር በግድግዳ በሚዋሰን ክፍል ውስጥ የሚያድር ሰው፣ ጭምብል ለብሶ ቢተኛ እንኳ አይድንም። የጋዙ ሽታ እንደ ነጭ ሽንኩርት ነው ይባላል፤ ነገር ግን ሽታው ሳይሰማ ሊጎዳ ስለሚችል ሽታን መተማመን አይቻልም። ይህን ሥራ ሠልጥኖ የተፈቀደለት ባለሙያ ይሥራው፤ ቤቱም ተዘግቶ፣ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ፣ ከዚያ ተናፍሶ ይከፈት።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የውኃ ጉድጓድ ነው። በእጅ በሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አየሩ ኦክስጅኑ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ከአፈርና ከአለት የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይጠራቀማል። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው፤ ከ19.5 በመቶ በታች ሲወርድ አደገኛ ተብሎ ይቆጠራል፤ እጅግ ሲያንስ ሰው ምልክት ሳያይ ራሱን ይስታል። ማጣሪያ ያለው ጭምብል ከአየሩ ቆሻሻን ይቀንሳል እንጂ የሌለ ኦክስጅን አይፈጥርም። ውኃው እንዲጎድል በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ደግሞ ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጉድጓዱን ይሞላል። ሻማ አውርዶ አየሩን መፈተን በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ሻማው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ባለበት እየበራ ሊቀጥል ይችላል፣ ተቀጣጣይ ጋዝ ካለም እሳት ያስነሣል።

ስለዚህ በጉድጓድ ሥራ ጥበቃው በፊት ላይ የሚታሰር ነገር አይደለም። ሞተሩ ከላይ፣ ጭሱም ከጉድጓዱ አፍ ርቆ፣ ነፋሱ ወደ ጉድጓዱ በማይመልሰው አቅጣጫ ይቀመጥ። ሰው ከመግባቱ በፊትና በሥራው ሰዓት ሁሉ በነፋሻ ንጹሕ አየር ወደ ታች ይነፋ። የጋዝ መለኪያ በገመድ ወርዶ ይነበብ። ቆፋሪው በመታጠቂያና በገመድ ታስሮ ይውረድ፤ ከላይም ሁለት ሰዎች ሳይለዩ ይጠብቁት። ከታች ያለው ሰው ዝም ካለ በገመዱ ይሳብ እንጂ ማንም ተከትሎት አይውረድ። ወንድሙን ሊያወጣ የሚዘልለው ሰው የሚያደርገው የፍቅር ሥራ ነው፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ አደጋ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሟች ብዙ ጊዜ ሊያድን የገባው ነው። ወደ ታች መውረድ የሚችለው የራሱን አየር በሲሊንደር ወይም በቱቦ ይዞ የሚገባ፣ የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።

የወጪውን ነገር በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያስገድዳል። በበጎ ፈቃድ ድንጋይ ሊጠርብ የመጣ ምእመን ግን በውል የተቀጠረ ሠራተኛ አይደለም፤ ስለ እርሱ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪም የለም። ሳንባው ግን ከተቀጣሪው ሳንባ አይለይም። የደብር የሕንፃ ኮሚቴዎችም ሆኑ የፕሮጀክት ባልደረቦቻችን በጀት ሲያዘጋጁ «የመከላከያ ዕቃ» በሚል አንድ መስመር ጓንቱንና ቆቡን ከጭምብሉ ጋር ደባልቀው ማለፍ የለባቸውም። የጭምብሉ ደረጃ፣ ልኩ፣ ለስንት ሰው ለስንት ቀን እንደሆነ፣ ከእርሱም በፊት የውኃው ወጪ በግልጽ ይጻፍ።

አስቀድሞ በአቧራ ውስጥ የኖረ ሰው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ሲሊኮሲስ የያዘው ሰው በሳንባ ነቀርሳ የመያዙ ዕድል ከሌላው ከፍ ያለ ነው። የሁለቱ ምልክቶችም ይመሳሰላሉ፤ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ክብደት መቀነስ። አንድ ጠራቢ ሳል ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሥራውን ካልተናገረ፣ የነቀርሳ መድኃኒት ተሰጥቶት ሲሊኮሲሱ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል፤ «አቧራ ነው፣ ያልፋል» ብሎ ቤቱ ከተቀመጠ ደግሞ ነቀርሳው ለቤተሰቡ ይተርፋል። ስለዚህ የአክታ ምርመራውን እንዲያደርግ፣ የደረት ራጅ በሚገኝበትም እንዲነሣ ልንገፋፋው ይገባል። ለሐኪሙም ምን ዓይነት ድንጋይ፣ በምን መሣሪያ፣ ለስንት ዓመት እንደጠረበ ሳይጠየቅ ይንገር። መናገር ከከበደው አብሮት የሚሄደው ሰው ይንገርለት።